ሃዲዱ፣ ጋሪውና ባጃጁ፦ የአደባባይ ጥበብ የአዳማን የጉዞ ታሪክ እንዴት ይናገራል?

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ከገባ ወዲህ ስለ አደባባይ፣ ስለ ፏፏቴና ስለ ሐውልት የማያወራ የለም። አዳማም ከዚህ ወሬ አልራቀችም። መንገዱ ይሰፋል፣ የእግረኛ ንጣፍ ይነጠፋል፣ አምፖል ይደረደራል። ከዚያ መሀል ላይ ባዶ ቦታ ይተርፋል። "እዚህ ጋ ምን ይቀመጥ?" ይባላል። መልሱም ብዙ ሳይታሰብበት ይመጣል፤ ጀበና። ካልሆነም ሲኒ።

በጀበና ላይ ቂም የለኝም። ግን ጀበና የትም ቢቆም ያው ጀበና ነው። ስለቆመበት ከተማ የሚነግረን ነገር የለም። ሌላ ዓይነት ሥራ ደግሞ አለ፤ ከተማዋ በምን እየተጓጓዘች ዛሬ እንደደረሰች፣ ማን እንደነዳ፣ ማን እንደተሳፈረ፣ ማን ጣቢያ ላይ ቆሞ እንደሸጠ የሚናገር። ይህ ጽሑፍ ስለዚህኛው ነው። ምንድን ነው? እንዴት ይሠራል? ለአዳማስ ምን ያደርግላታል?

የአደባባይ ጥበብ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሥዕል ለማየት ጋለሪ የሚሄድ ሰው ፈልጎ ነው የሚሄደው። የአደባባይ ጥበብ ግን ሰውን አይጠብቅም። ሰው ሥራ ሲሄድ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ታክሲ ሲጠብቅ ያገኘዋል። ትኬት የለውም፣ በር የለውም፣ "ገባኝ፣ አልገባኝም" ብሎ የሚፈትን የለም።

ብዙዎቻችን የአደባባይ ጥበብ ሲባል ትዝ የሚለን ሐውልት ብቻ ነው። የግድግዳ ሥዕልም፣ በሸክላ ሰሌዳ የተሠራ ምስልም፣ እግረኛ መንገድ ላይ የተቀበረ የብረት ምልክትም፣ በድምፅ ማጉያ የሚሰማ የተቀዳ ትረካም ከዚሁ ይቆጠራል። ለአንድ ሳምንት ቆሞ የሚነሳ ትርኢትም ቢሆን ያው ነው። እንዲያውም ሳናውቀው ለዓመታት ያየነው አንድ አለ። የታክሲና የባጃጅ ጥቅሶች! ማንም በጀት አልመደበላቸውም፣ ሪባን አልተቆረጠላቸውም፤ ግን ከተማው ሁሉ ያነባቸዋል፣ ይስቅባቸዋል፣ ይከራከርባቸዋል። ጥሩ የአደባባይ ጥበብ ከዚህ የተለየ ነገር አይጠይቅም።

"የአካባቢ ትውስታ" የሚባለውስ? ታሪክ በሰነድ የተጻፈው ነው እንበል። ትውስታ ደግሞ ሰዎች በአፍ የሚቀባበሉት ነው። ታሪኩ "ባቡሩ በዚህ ዓመት ሥራ ጀመረ" ይላል። ትውስታው "ባቡሩ ሲጮህ እናታችን ሰዓት አወቀች ማለት ነው" ይላል። ሁለቱ አንዳንዴ ይጣላሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ነገሩን ለማቅለል አንድ ሳሎን ቤት አስቡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ፎቶዎች አሉ፤ የአባት የምረቃ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ክርስትና። ቁም ሳጥን ሥር ደግሞ ማንም የማያወጣው አልበም አለ። እንግዳ የሚያየው ግድግዳውን ነው፤ ቤተሰቡ ማን እንደሆነ የሚገምተውም ከዚያው ነው። የከተማ አደባባይም እንደዚያ ግድግዳ ነው። ምን ተሰቀለ የሚለውን ያህል ምን አልበሙ ውስጥ ቀረ የሚለውም ወሳኝ ነው።

ለምን መጓጓዣ? ለምንስ አዳማ?

ምክንያቱም አዳማ የመንገድ ልጅ ናት።

ነገሩ የሚጀምረው ከጅቡቲ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሃዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሃዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ውድ ስለሆነበት ቆላውን ይዞ ሄደ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ከዚህ ነው። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፣ ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ሲቀጥል ሃዲዱ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ደጋው መውጣት ጀመረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መላው መስመር ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አዳማ በዚህ መውጫ ላይ ናት። አዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ትጠጋለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። የእንፋሎት ባቡር ዳገት ሲወጣ ውሃና ማገዶ ይበላል፤ በየተወሰነ ርቀት መቆም አለበት። ባቡር የቆመበት ቦታ ሰው ይወርዳል። የወረደ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ማደሪያ ይፈልጋል። ሻይ የሚያፈላ ይመጣል፣ እቃ የሚሸከም ይመጣል፣ ሱቅ ይከፈታል። በመስመሩ ላይ ያሉ ከተሞች በዚህ መንገድ ነው ያበጡት።

ከባቡሩ በፊት ቦታው ባዶ ነበር ማለት አይደለም። አካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ የሚኖርበት፣ ከብቱን የሚያሰማራበት ምድር ነው። ባቡሩ ባዶ መሬት ላይ ከተማ እንደፈጠረ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል ከመነሻው ተሳስቷል። ይህን ኋላ እመለስበታለሁ።

የአዳማ ዕድል በባቡሩ ብቻ አላበቃም። አንዱ መንገድ ወደ አሰላና ወደ ባሌ ይሄዳል። አንዱ ወደ አዋሽ፣ ወደ ሐረርና ወደ ጅቡቲ። በቅርቧ ወንጂ አለች፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረ ነው። ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ስለዚህ የከባድ መኪና ሹፌር አዳማን ሳያውቅ ሹፌር አይሆንም። ትሬንታ ኳትሮውም፣ ኤንትሬውም፣ ኋላ ደግሞ ሲኖትራኩም በተራቸው ይህን መንገድ ረግጠውታል።

ከተማው ውስጥ ለውስጥ ግን በምን ይኬድ ነበር?

በጋሪ ነዋ! የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት አዳማን የሚያውቅ ሰው ጋሪን ሳያነሳ አያልፍም። ሁለት የመኪና ጎማ፣ የጣውላ መቀመጫ፣ ፊት ለፊት ልጓሙን የያዘ ባለጋሪ። የፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ የክር ጌጥ። መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ይሳፈራል። ጋሪ ዝም ብሎ መጓጓዣ አልነበረም፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ፈረስ የሚገዛ፣ የሚመግብ፣ ልጓምና ማሰሪያ የሚሰፋ፣ ጣውላ የሚመታ፣ ሳር የሚሸጥ ሰው ሁሉ በዚያ ላይ ያድር ነበር።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ባጃጅ ገባ። ባጃጅ ገለባ አይበላም፣ አይታመምም፣ ዝናብ አያስመታም። ጋሪ ከዋና መንገድ ወደ ጓሮ ሰፈር፣ ከሰው ጭነት ወደ ዕቃ ጭነት እየተገፋ ሄደ። ስለ ባቡሩ ጥቂትም ቢሆን ተጽፏል። ስለ ጋሪው ግን የሚያወሩት ባለጋሪዎቹና ተሳፋሪዎቹ ናቸው። እነሱ ካለፉ ደግሞ ወሬው አብሮ ያልፋል። እኔ እንደሚመስለኝ አዳማ ላይ የአደባባይ ጥበብ የመጀመሪያ ሥራው መሆን ያለበት ይህ ነው።

ባቡሩስ የት ሄደ?

አሮጌው ባቡር ቀስ በቀስ ነው የሞተው። ሃዲዱ አረጀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ መኪናው ፈጠነ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ ቆመ። ትልልቆቹ ፉርጎውን ያስታውሳሉ፤ ፈጣኗን የመንገደኛ ባቡር ሊቶሪናንም ያስታውሳሉ። ከዚያ ሃዲዱ አገልግሎት አጣ። ብረት ደግሞ ሥራ ሲፈታ ጠላቱ ብዙ ነው። "ቁራሌው!" የሚል ድምፅ የሰማ ሁሉ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ተመረቀ። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍሎ መንዳትን ለአገሪቱ ያስተዋወቀውም እሱ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ጥንድ ሃዲድ አለው፤ ከአዳማ ወዲያ አንድ ይሆናል። አሮጌው በከተማው መሀል ነበር የሚያልፈው። የአዲሱ ጣቢያ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ድሮ ከባቡር የወረደ ሰው ወዲያው ከተማ ውስጥ ነበር። አሁን ከባቡር ወርዶ መኪና መያዝ አለበት።

በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ሁሉ ተለዋወጠ። አያት በሊቶሪና፣ አባት በቅጥቅጥ፣ ልጅ በፍጥነት መንገድ። ሦስቱ አንድ ቤት ተቀምጠው ስለ አንድ ከተማ ሲያወሩ ሦስት ከተማ ነው የሚያወሩት።

ይህ ሁሉ መጽሐፍ ላይ ቢጻፍ አይበቃም?

መጻፉማ ግድ ነው። ግን መጽሐፍ የሚያነበው የፈለገ ሰው ነው። የአደባባይ ሥራ ሌላ ጥቅም አለው፤ ነገሩ በተፈጸመበት ቦታ ላይ መቆሙ። "እዚህ ጋ ባቡር ይቆም ነበር" የሚለው ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ሲነበብና ቦታው ላይ ቆመው ሲያነቡት አንድ አይደለም።

ሌላም አለ። ሰውን ያናግራል። ሽማግሌው ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲያልፉ ቆም ይሉና "ኧረ! ይሄማ እንዲህ አልነበረም" ብለው ይጀምራሉ። ሥዕሉ ስህተት ቢኖርበት እንኳን ወሬ አስነስቷል። አንድ ሥራ መሳካት አለመሳካቱን ለማወቅ ከፊቱ የሚነሳውን ሰልፊ ከመቁጠር ይልቅ እሱን አይተው የሚከራከሩትን መስማት ይሻላል።

ሌላ አገር እንዴት ሠሩት?

ፖርቹጋል ውስጥ ፖርቶ የምትባል ከተማ አለች። የባቡር ጣቢያዋ ሳኦ ቤንቶ ይባላል። የመግቢያ አዳራሹ ግድግዳ ወደ 20,000 በሚጠጉ የሸክላ ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው። ሠዓሊው ዦርጅ ኮላሶ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1916 ባሉት ዓመታት ተሠራ። የኛ ሃዲድ አዋሽን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲያቃስት በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ትልልቆቹ ምስሎች ሰማያዊና ነጭ ናቸው፤ የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ከላያቸው ግን በቀለማት ያሸበረቀ ረጅም ቀጭን መስመር አለ። እሱ የመጓጓዣ ታሪክ ነው፤ ሰው በእንስሳ፣ በጋሪ፣ በሠረገላ ሲሄድ ያሳይና በስተመጨረሻ ባቡሩን ያመጣል። ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛ አንገቱን ቀና አድርጎ እሱ ራሱ የደረሰበትን ጉዞ ያያል። ሸክላ ስለሆነ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀለሙ አለ።

እንግሊዝ አገር ዳርሊንግተን ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1825 በተከፈተው የስቶክተንና ዳርሊንግተን ባቡር ትታወቃለች። ዴቪድ ማክ የተባለ ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1997 እዚያ አንድ ባቡር ሠራ፤ ግን ከብረት አይደለም። ከ185,000 ጡብ። እንፋሎት እየተፋ ከዋሻ የሚወጣ ይመስላል። የጡብ ባቡር አይሄድም፤ ሊሄድም አልተሠራም። ብዙዎች ግን አሮጌ የባቡር ራስ ጎትቶ አምጥቶ መናፈሻ ላይ ማቆም ብቸኛው አማራጭ ይመስላቸዋል። አይደለም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ለገሃር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የፈረንሳዊው ቀራጺ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ተተከለ። ጣሊያን ሲወር ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርአይ ደረስ እዚያ ሮም ውስጥ አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ፣ የሚዘብቱበትን በጎራዴ እንደመታ ይተረካል። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ሲተከል የንጉሥ ምልክት ነበር። ተዘርፎ ሲመለስ የአርበኝነት ምልክት ሆነ። የባቡር ጣቢያ ፊት መቆሙ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ሌላ ነገር አደረገው፤ የቀጠሮ ቦታ። "አንበሳው ጋ እንገናኝ" ያልተባባለ ማን አለ? የተከለው ሰው ያሰበው ሌላ፣ ሕዝቡ የሰጠው ትርጉም ሌላ። የአደባባይ ሥራ ዕጣው ይኸው ነው።

አዳማ ላይ ቢሠራ ምን ሊመስል ይችላል?

ይህ የኔ ሐሳብ ነው፤ የተያዘ ፕሮጀክት አይደለም።

አሮጌው ሃዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ልዩነቱ 43 ሳንቲ ሜትር ተኩል፤ አንድ ክንድ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ግን በዚች ክንድ ምክንያት አሮጌው ባቡር አዲሱ ሃዲድ ላይ መሄድ አይችልም። ይህንን በቃል ማስረዳት አሰልቺ ነው። አሮጌው መስመር ባለፈበት ቦታ የእግረኛ ንጣፍ ላይ ሁለቱን ስፋቶች ጎን ለጎን በብረት መስመር መቅበር ግን ይቻላል። ልጆች እግራቸውን አንፈራጠው ይለካሉ። በአንደኛው ላይ "ከጅቡቲ፣ 1909" ይጻፍ። በሌላኛው ላይ "2009"። መቶ የኢትዮጵያ ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ክንድ። ሐውልት የለ፣ ፏፏቴ የለ። ወጪው ከአንድ ጀበና የሚበልጥ አይመስለኝም።

የሃዲድ ብረት ራሱ ደግሞ ይነበባል። ሃዲድን ከጎኑ ጎንበስ ብሎ ላየው፣ ብረቱ ሲሠራ አብሮ የወጣ ጉብ ጉብ ያለ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይገኝበታል፤ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት። ሰው ለዓመታት ረግጦት ያለፈውን ነው። ይህን ጽሑፍ በወረቀትና በከሰል አሽቶ ማውጣት ለተማሪዎች የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የወጣውን አስፍቶ ግድግዳ ላይ መሣል ደግሞ የሠዓሊ ሥራ።

ለጋሪውስ? ፈረስ በሲሚንቶ ከመሥራት ይልቅ የድሮ ባለጋሪዎችን ድምፅ መቅዳት ይሻላል ባይ ነኝ። የየትኛው ሰፈር ሒሳብ ስንት ነበር፣ የፈረሱ ስም ማን ነበር፣ ዝናብ ሲዘንብ የትኛው መንገድ ያስቸግር ነበር። ይህ በየታክሲ መጠበቂያው በስልክ የሚደመጥ ቢሆን ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ስለ ጋሪ ይሰማል። ከጎኑ ባለጋሪው በግድግዳ ሥዕል ላይ፣ በስሙ።

ሥራው ከየት ይጀምራል?

ከቀለም አይጀምርም። ከወሬ ይጀምራል። ባለሙያዎቹ "የቃል ታሪክ" ይሉታል፤ ሰዎች ያዩትንና የኖሩትን በራሳቸው አንደበት ማስቀረጽ ማለት ነው። ጥያቄው ላይ ነው ቁም ነገሩ። "ጋሼ፣ ስለ ባቡሩ ይንገሩን" ሲባሉ ጋሼ ጋዜጠኛ ፊት እንደቆመ ሰው ቀጥ ይላሉ። "ጋሼ፣ ባቡሩ ሲዘገይ ሰው ምን ያደርግ ነበር?" ሲባሉ ግን ይስቃሉ፣ ያወጉታል። እትዬ ጣቢያ ላይ ሲሸጡ የነበረው ምንድን ነው? በመስኮት ሲቀበሉ ገንዘቡ ቀድሞ ነው ዕቃው? ባቡሩ ሳይከፈላቸው ተነስቶ ያውቃል?

ከዚያ ፎቶ። በየቤቱ ያለ ነው። ስልክ ላይ አንስቶ መመለስ ይበቃል፤ ዋናውን መውሰድ አያስፈልግም፤ ጠብም ያመጣል። ዓመቱ፣ ቦታው፣ በፎቶው ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ ወዲያው መጻፍ አለበት። "ነገ እጽፈዋለሁ" የተባለ ፎቶ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ቦታ መረጣ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሐውልት ትልቅ አደባባይ ይወዳል። ትልቅ አደባባይ ግን መኪና የሚዞርበት እንጂ ሰው የሚቆምበት አይደለም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያልፍ ሹፌር ጽሑፍ አያነብም፤ ባያነብም ደግ። የትውስታ ሥራ ሰው በእግሩ የሚደርስበት፣ የሚቀመጥበት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ቁሳቁሱ። የአዳማን ፀሐይና ንፋስ የማያውቅ ሰው ቀለም አይምረጥ። ንፋሱማ የታወቀ ነው፤ ከከተማዋ አቅራቢያ ኮረብታ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። አቧራው ቀለሙን ይፍቃል፣ ፀሐዩ ያደበዝዘዋል። ርካሽ ቀለም ሁለት በጋ አይሻገርም። ሸክላና ድንጋይ ይቆያሉ። ብረት ይቆያል፤ ግን በቀላሉ የሚነቀል ከሆነ ቁራሌው ዘንድ ይገኛል።

የማን ትውስታ ነው የሚሠራው?

ሸካራው ጥያቄ ይህ ነው። ባቡሩ ለአንዱ ሥራ ነው፣ ለአንዱ የተወሰደ መሬት ነው። ለአንዷ ሴት የልጆቿ ዳቦ ነው። ለሌላው ቤተሰብ ደግሞ ሐዘን። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ ባቡር ድልድይ ላይ ሃዲድ ስቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። በመስመሩ ላይ ባሉ ከተሞች የዚያን ቀን ዜና የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ስለ ባቡሩ የሚሠራ ሥራ ጭሱንና ፉጨቱን ብቻ ስሎ ይህን ከዘለለ የሚዋሽ ነው የሚሆነው።

የስሙም ጉዳይ አለ። ከተማዋ ለረጅም ዘመን በይፋ ናዝሬት ተብላ ቆይታ በ1992 ዓ.ም. አዳማ የሚለው ስሟ ተመልሷል። አዲስ አበባ መናኸሪያ ላይ ዛሬም "ናዝሬት፣ ናዝሬት!" የሚል ረዳት አይጠፋም። በድሮ ፎቶ ላይ ያለውን ስም መፋቅ አያስፈልግም፤ የዛሬውንም መደበቅ እንዲሁ። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ሊሆን ይገባል። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ቦታው ማን ይኖርበት እንደነበር የሚናገረውም ክፍል ከግርጌ ማስታወሻነት መውጣት አለበት።

የሚያስማማ አንድ ምስል አይገኝም። መገኘትም የለበትም። ሁሉን ለማስደሰት የተሠራ ሥራ መጨረሻው ያው ጀበና ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሁለት አዋጆችን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ አሮጌ ሃዲድ ቆርጦ "ለጥበብ ነው" ማለት አያስኬድም። አሮጌውን ጣቢያ አፍርሶ የጣቢያ ሐውልት መሥራትማ ጭራሽ ቀልድ ነው። ዋናው እያለ ምስሉን ማን ይፈልጋል?

ሁለተኛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሠዓሊው ሥራውን ሸጦ ገንዘቡን ቢቀበልም ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት አለው። ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው ሲቆራረጥ ወይም ሲዛባ መቃወምም ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ላይ ማስታወቂያ ከመለጠፍ በፊት ይህን ማሰብ ደግ ነው።

ማን ይከፍላል? ከተመረቀ በኋላስ?

በብዙ አገሮች ከሕዝብ ግንባታ ወጪ ላይ ለጥበብ የሚቆረጥ ድርሻ አለ፤ ብዙ ጊዜ 1 በመቶ። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን በሕግ በማስገባት ቀዳሚ ከሆኑት ናት። አሠራሩ ቀላል ነው። መንገድ ሲሠራ ለአስፋልቱ፣ ለቦዩ፣ ለመብራቱ እንደሚመደበው ሁሉ ለጥበቡም ከመጀመሪያው ይመደባል። ግንባታው ካለቀ በኋላ የተረፈ ሳንቲም አይለቀምለትም።

የመሥሪያው ገንዘብ ቢገኝም የጥገናው ይረሳል። በምረቃው ቀን ካሜራ አለ፣ ንግግር አለ። በሦስተኛው ዓመት ቀለሙ ሲላጥ፣ ሰሌዳው ሲሰበር፣ የድምፁ ሲስተም ሲበላሽ ማን ነው የሚጠየቀው? ክፍለ ከተማው ነው? የማዘጋጃ ቤቱ የትኛው ክፍል? ሠዓሊው ተመልሶ ያድሳል ወይስ ሌላ ሰው ከላዩ ይቀባበታል? ይህ በውሉ ላይ ሥራው ሳይጀመር መጻፍ አለበት፤ ከእነ ዓመታዊ በጀቱ፣ ከእነ ኃላፊው መሥሪያ ቤት ስም።